ስክሪን ስለጨለመ ኮምፒዩተር አይጣልም
ሪስታርት ሲደረግ ምስል የምትከለክለው ሚኒ ፒሲና የጅማ ቡና ነጋዴ ሒሳብ

የቡና ንግድ በደብተርና በካልኩሌተር ብቻ የሚመራበት ዘመን እያለፈ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በ2001 ዓ.ም. ቡናን ወደ ግብይቱ ካስገባ ወዲህ፣ በኋላም በጩኸትና እጅ በመማታት ይካሄድ የነበረው ግብይት ወደ ኤሌክትሮኒክስ ከዞረ ወዲህ፣ ከጅማ እስከ አጋሮ፣ ከሊሙ ገነት እስከ በደሌ ያለው አቅራቢ ከሚዛኑ ጎን አንድ ኮምፒዩተር ማስቀመጡ የግድ እየሆነበት መጥቷል። የእሸት ቡና ግዥ፣ የሚዛን መዝገብ፣ የገበሬው ክፍያ፣ የጭነት መሸኛና ከባንክ ጋር የሚደረገው መጻጻፍ በዚያው ያልፋል።

በዚህ ላይ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው የደን ጥበቃ ደንብ ተጨምሯል። ደንቡ ወደ ኅብረቱ አገሮች የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ የት እንደሚገኝ በጂፒኤስ ነጥብ እንዲታወቅ ያስገድዳል። ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ሁለት ጊዜ ቢራዘምም፣ የማሳዎችን መረጃ ሰብስቦ መያዙ ለላኪውም ለኅብረት ሥራ ማኅበራቱም ከወዲሁ ሥራ ሆኗል። እንግዲህ ዛሬ በአንድ ትንሽ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው ነገር ከሣጥኑ ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ ምቹ ሆና የተገኘችው ደግሞ በተለምዶ ሚኒ ፒሲ የምትባለው፣ ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ የማትበልጠው ኮምፒዩተር ናት። የሌኖቮ፣ የኤችፒና የዴል ኩባንያዎች ለቢሮ የሚያመርቷቸው ዓይነቶች ይታወቃሉ። ኢንቴል ኩባንያም ኤንዩሲ በሚል ስም ሲያመርት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራውን አቁሞ ለታይዋኑ አሱስ አስተላልፏል። ዕቃዋ ቦታ አትይዝም፤ ከሞኒተሩ ጀርባ በብሎን ልትታሰር ትችላለች። አብዛኛውን ጊዜ በ65 ወይም በ90 ዋት አዳፕተር ስለምትሠራ መብራት ሲጠፋ አንድ ዩፒኤስ ከትልቁ ኮምፒዩተር ይልቅ እሷን ረዘም ላለ ጊዜ ያቆያታል። መብራት ሄድ መጣ ለሚልበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሆኖም አንድ ጠባይ አላት። ጠዋት ስትከፈት በደንብ ትሠራለች፣ ቀኑን ሙሉ ታገለግላለች፣ ሪስታርት ስትደረግ ግን ስክሪኑ ጨልሞ ይቀራል። መብራቷ በርቷል፣ ማራገቢያዋ ይዞራል፣ ሞኒተሩ ግን “ሲግናል የለም” ብሎ ይተኛል። ይህን ጊዜ ብዙ ሰው ዕቃዋ ሞታለች ብሎ ይደመድማል። አንዱ ወደ ጥገና ቤት ይሮጣል፣ ሌላው ፎርማት ትደረግልኝ ይላል፣ ሌላው አዲስ ይገዛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የታመመው በኮምፒዩተሩና በስክሪኑ መካከል ያለው መግባባት ነው።

ለምን ሪስታርት ላይ?

ኮምፒዩተር ሲነሳ መጀመሪያ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ሞኒተሩን “ማን ነህ? ምን ያህል ምስል ትችላለህ?” ብሎ በኬብሉ በኩል መጠየቅ ነው። ሞኒተሩ መልስ ሲሰጥ ምስል ይላክለታል። ሪስታርት ሲደረግ ምስሉ ለጥቂት ሰከንዶች ይቋረጣል፤ በዚህች ቅጽበት አንዳንዱ ሞኒተር እንቅልፍ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው በሌሎች መግቢያዎቹ ላይ ሲግናል ፍለጋ ይዞራል። ጥያቄው ሲመጣ መላሽ የለም። ኮምፒዩተሩም ስክሪን አልተሰካም ብሎ ሥራውን በጨለማ ይቀጥላል።

ችግሩ ለወራት ተደብቆ የሚቆይበትም ምክንያት አለ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል አሠራር አለ። ይህ ሲበራ ማታ ኮምፒዩተሩ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ከውስጡ ከፊሉን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛና ጠዋት ከዚያው ይነሳል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከመጀመሪያው ያስጀምራል። ስለዚህ ማታ እየዘጋ ጠዋት የሚከፍት ቢሮ ችግሩን ላያየው ይችላል። የሚያየው ዊንዶውስ አዲስ ማሻሻያ ጭኖ “ሪስታርት አድርግ” ያለው ዕለት ነው፤ ያ ዕለት ደግሞ የቀይ እሸት ግዥ የሚጧጧፍበት ኅዳር ሊሆን ይችላል።

ሦስቱ ምልክቶች

ወደ ጥገና ቤት ከመሄድ በፊት ችግሩ የት እንዳለ መለየት ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ኪቦርድና ዓይን ብቻ ነው።

አንደኛው፣ የአምራቹ ዓርማ ስክሪኑ ላይ ታይቶ ዊንዶውስ ሊገባ ሲል የሚጨልም ከሆነ፣ ኬብሉም ሞኒተሩም ደህና የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው። ጥፋቱ የምስሉን ክፍል በሚያዘው ሶፍትዌር (ድራይቨር) ወይም ሞኒተሩ ከሚችለው በላይ በተሰጠው የምስል መጠን ላይ ነው። የዊንዶውስ፣ የኮንትሮልና የሺፍት ቁልፎችን ከ“ቢ” ፊደል ጋር አንድ ላይ መጫን ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል። የዊንዶውስ ቁልፍን ከ“ፒ” ጋር መጫን ደግሞ ምስሉ በስህተት ወደ ሌላ ስክሪን ተልኮ ከሆነ ለመመለስ ይረዳል።

ሁለተኛው፣ ዓርማው ሳይታይ ግን የኪቦርዱ የካፕስ ሎክ መብራት ሲጫኑት የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ በሕይወት አለ። ዊንዶውስም ገብቶ ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬው መውደቅ ያለበት በኬብሉ፣ በመቀየሪያውና በሞኒተሩ ላይ ነው።

ሦስተኛው፣ ዓርማም የለም፣ የካፕስ ሎክ መብራትም አይታዘዝም። ይህ ከበድ ያለው ነው። ራም፣ የኃይል አዳፕተር ወይም ባዮስ የሚባለው መነሻ ፕሮግራም ይጠረጠራል። አንዳንዶቹ ዕቃዎች በጡሩምባ ድምፅ ወይም በመብራት ብልጭታ ቁጥር ችግሩን ስለሚናገሩ ብልጭታውን ቆጥሮ መያዝ ለባለሙያው ትልቅ እገዛ ነው።

ከርካሹ ወደ ውዱ

መፍትሔው ከማያስከፍለው ይጀምራል። ሞኒተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ኬብሉን ነቅሎ መሰካት፣ ካለ ደግሞ በሌላኛው ሶኬት መሞከር። ምስሉ ከተመለሰ ጥፋቱ የመግባባት ነው። ቀጥሎ በሞኒተሩ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ መግቢያውን በራሱ የሚፈልግበትን አሠራር ማጥፋትና ኬብሉ በተሰካበት ላይ ብቻ እንዲቆም ማድረግ ነው። ጥልቅ እንቅልፍ የሚባል ምርጫ ካለም ይጥፋ።

ከዚያ የመቀየሪያዋ ተራ ይመጣል። የድሮው ሞኒተር ቪጂኤ መግቢያ ብቻ ስላለው፣ ሚኒ ፒሲዋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኤችዲኤምአይ ወይም ዲስፕሌይ ፖርት ስለምትይዝ በመካከላቸው ትንሽ መቀየሪያ ይገባል። ብዙዎቹ መቀየሪያዎች የሚሠሩበትን ኃይል የሚያገኙት ከኤችዲኤምአይ ሶኬቱ ነው፤ ያ ኃይል ደግሞ እጅግ አነስተኛ ነው። ርካሿ መቀየሪያ ሪስታርት ላይ ትዘገያለች ወይም የሞኒተሩን መልስ በትክክል አታደርስም። የዲስፕሌይ ፖርት ኬብልም ሌላ ጣጣ አለው። በአንዳንድ ርካሽ ኬብሎች ውስጥ መገናኘት የሌለበት 20ኛው ፒን ተገናኝቶ ስለሚሠራ ከሞኒተሩ ወደ ኮምፒዩተሩ ኤሌክትሪክ እያስገባ መነሳቱን ያውካል። ለእነዚህ ሁለቱ መድኃኒታቸው ደህና መቀየሪያና ደህና ኬብል መግዛት ነው።

ይህ ካልሠራ አዳፕተሩን ከግድግዳም ከኮምፒዩተሩም ነቅሎ፣ ማብሪያውን እስከ 30 ሰከንድ ተጭኖ በመያዝ ውስጥ የቀረውን ኤሌክትሪክ ማፍሰስና እንደገና መሞከር ያስፈልጋል። የአዳፕተሩ ጽሑፍም ይነበብ። የቀድሞው ጠፍቶ በአነስተኛ ዋት የተተካ ከሆነ ዕቃዋ ለመነሳት ጉልበት ያጥራታል።

ከዚህ በኋላ ክዳኑ ይከፈታል። ራሙን አውጥቶ፣ መገናኛውን በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጠርጎ መመለስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚያገኝ አካባቢ ነው፤ እርጥበቱ ከቡና መፈልፈያ አቧራ ጋር ሲገናኝ እንደነዚህ ያሉ ጠባብ ዕቃዎችን ያስቸግራል። በአዲሶቹ ባለ ዲዲአር 5 ዕቃዎች ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ራም ከተነካ ወይም ባዮስ ከታደሰ በኋላ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨልሞ ሊቆይ ይችላል። ትዕግሥት አጥቶ ማጥፋት ሥራውን እንደገና ከመጀመሪያው ማስጀመር ነው።

ሲ አር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪም አትረሳ። ይህች ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስትደክም መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ ይዛባል፣ የባዮሱም ማስተካከያ ወደ ጥንቱ ይመለሳል። ቀኑ የተዛባ ኮምፒዩተር ላይ የሚጻፍ የግዥ ደረሰኝ ደግሞ በሒሳብ መዝጊያ ላይ ራስ ምታት ነው።

ባዮሱን ማደስ የመጨረሻው እርምጃ ነው። አምራቾቹ ይህን የስክሪን ችግር በማሻሻያ ያስተካከሉባቸው ዕቃዎች አሉ፤ ነገር ግን በእድሳቱ መካከል መብራት ከጠፋ ደህናዋም ዕቃ ልትበላሽ ትችላለች። ያለ ዩፒኤስ አይሞከርም። በተጨማሪም ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው ቁልፍ የተቆለፈ ከሆነ የባዮስ ለውጥ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥር ሊያስጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ አስቀድሞ ካልተያዘና ከየትም ማግኘት ካልተቻለ ስክሪኑ ቢመለስም መረጃው ላይመለስ ይችላል።

ኪሳራው የት ላይ ነው?

በየካቲት 2017 ዓ.ም. በኒውዮርክ ገበያ የአረቢካ ቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ መውጣቱ ይታወሳል። እንዲህ ባለ ገበያ የአንድ ቀን መዘግየት ዋጋ አለው። ለምሳሌ 200 ፈረሱላ ቡና ያለው አቅራቢ ቢኖር፣ ፈረሱላው 17 ኪሎ ስለሆነ 3,400 ኪሎ ይዟል ማለት ነው። መዝገቡ ስላልተከፈተ ጭነቱ አድሮ ዋጋው በኪሎ 10 ብር ብቻ ቢወርድ 34,000 ብር ሄደ። ይህን የሚያስከትለው አንድ ርካሽ ኬብል ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የከፋው ግን የችኮላው ኪሳራ ነው። ምስል እምቢ ስላለ ፎርማት የተደረገ ዲስክ የገበሬውን ዕዳና የማሳውን መረጃ ይዞ ይጠፋል፤ ፎርማት ደግሞ የኬብልን ችግር አያስተካክልም። ዲስኩ ከሚኒ ፒሲዋ ተፈትቶ ወጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ሊነበብ እንደሚችል ባለቤቱ ማወቅ አለበት። ከሁሉም የሚሻለው ግን በየማታው መዝገቡን በፍላሽ ወይም በውጭ ዲስክ ገልብጦ፣ ፍላሹን ከቢሮው ውጭ ማሳደር ነው።

ሳይቀመስ አይገዛም

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በዚያው ልክ ስለተወደደ ያገለገለ ሚኒ ፒሲ መግዛት የሚያጓጓ ሆኗል። ክፋት የለውም፤ ሁለት ነገሮች ግን መታየት አለባቸው።

የመጀመሪያው ትውልዱ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ አገልግሎት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ጥቂት ዕቃዎች ሲቀሩ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ስለዚህ ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ የሆነች ዕቃ በርካሽ ስትቀርብ ለምን እንደረከሰች መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ፍተሻው ነው። ሻጭ አስቀድሞ ከፍቶ ያቆያት ኮምፒዩተር ምንም አታሳይም። ገዢው የራሱን ሞኒተርና ኬብል ይዞ መሄድ ቢችል መልካም ነው፤ ካልቻለም በሻጩ ሞኒተር ቢሆን በፊቱ ሦስት ጊዜ ሪስታርት ማስደረግ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አስነቅሎ ማስነሳት ይገባዋል። አዳፕተሩ የራሷ መሆኑን፣ ቀኑና ሰዓቱ ከተነቀለ በኋላም ትክክል መሆኑን ይመልከት። በደረሰኙ ላይ የመመለሻ ቀን ያስጽፍ።

ቡና ነጋዴ ናሙና ሳይቆላና ሳይቀምስ፣ እርጥበቱን ሳይለካ ጭነት አይረከብም። ለጭነቱ መዝገብ የሚሆነውን ዕቃ ሲገዛም አሥር ደቂቃ ቆሞ ሪስታርት ማስደረጉ ከዚያው ልማድ የወጣ አይሆንም።