እላይ ተቀምጦ የሚጽፈው ልጅ

ይህቺን በጆሯችሁ ነው የምነግራችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሮቦት ቡድን በፈቃደኝነት አግዛለሁ፤ ሜንተር ይሉናል። የቡድኑን ስም አልጠራም፣ ልጆቹ ይታዘቡኛል። በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲስ ተመዝጋቢ ሲመጣ "የት መሥራት ትፈልጋለህ?" ይባላል። ግማሹ "ፕሮግራሚንግ" ይላል፣ የቀረው "መንዳት"። የሐበሻ ልጅ ከሆነ ፕሮግራሚንግ ነው፤ ቤት ተመክሮ ነው የሚመጣው።

እኔ የምላችሁ፣ በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱንም ተዉአቸው።

ዲን ኬመን በ1989 የመሠረተው ፈርስት የሚባለው ድርጅት የምንወዳደርበትን የዓመቱን ጨዋታ ይፋ የሚያደርገው ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ፣ ቅዳሜ ቀን ነው። ኪክኦፍ እንለዋለን። ማርች ሲገባ ውድድሩ ስለሚጦፍ ሮቦቱ ከባዶ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ማለቅ አለበት። ታዲያ ብረት የሚቆርጡትና የሚገጥሙት ልጆች እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አይለቁትም። ፕሮግራመሮቹ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለው ተራ ይጠብቃሉ፤ አዲሱ ልጅ ከኋላ ቆሞ የትልልቆቹን ማጅራት ያያል። መንዳቱም ያው ነው። መቆጣጠሪያውን የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ከዓምና ጀምሮ የለመዱ።

ማንም የማይሻማው ሥራ ስካውቲንግ ነው፤ የሌሎቹን ሮቦቶች እያዩ መመዝገብ። የቡድኑ ዕጣ ያለው ግን እዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጨዋታ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ሦስት ሮቦት በቀይ፣ ሦስት በሰማያዊ ይሰለፋል። በማጣሪያው ማን ከማን ጋር እንደሚሰለፍ የሚመድበው ኮምፒውተር ነው፤ ጠዋት አጋራችሁ የነበረው ከሰዓት ባላጋራችሁ ይሆናል። ስለዚህ ደካማ ሮቦት ጎበዝ አጋሮች ደርሰውት ሦስተኛ ሊወጣ፣ ጎበዙ ደግሞ ዕድል ጠሞበት ሃያኛ ሊሆን ይችላል። ማጣሪያው ሲያልቅ ከላይ ያሉት ስምንቱ በሕዝብ ፊት አጋሮቻቸውን ይመርጣሉ፤ በመጀመሪያው ዙር ከአንደኛው ወደ ስምንተኛው፣ በሁለተኛው ዙር ከስምንተኛው ወደ አንደኛው። ዋንጫው ብዙ ጊዜ የሚበላው እዚያ ላይ ነው።

ታዲያ ማንን እንደሚመርጡ በምን ያውቃሉ? ሮቦቶቹ የሚጠገኑበት ፒት ሄዳችሁ "ይህን ትችላላችሁ?" ብትሉ መልሱ "እንችላለን" ነው። ፒት ውስጥ ሁሉም ሮቦት ሁሉን ይችላል። እውነቱን የሚያውቁት ተመልካቹ መሀል ታብሌት ይዘው የዋሉ ስድስት ልጆች ናቸው፤ ለአንድ ልጅ አንድ ሮቦት። ስንት አስቆጠረ፣ ስንቱን ሳተ፣ ሲገፉት ምን ሆነ፣ መሀል ሜዳ ላይ ደርቆ ቀረ ወይ። ማታ ቡድኑ ፒዛ ከቦ ሲመክር የሚመረጡት ዝርዝር ይወጣል። "እነዚህን ፈጽሞ አንመርጥም" የሚል ሌላ ዝርዝርም አለ፤ እሱ ከክፍሉ አይወጣም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች አፋቸውን ዘግተው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሲያዳምጡ ያየሁት በዚያ ስብሰባ ላይ ነው፤ ማስታወሻው ልክ ስለነበረ ብቻ።

አንዲት እናት በውድድር መሀል መጥታ "ወንድሜ፣ የኔ ልጅ መቼ ነው የሚነዳው?" አለችኝ።

"አይነዳም እህቴ፣ እላይ ተቀምጦ ይጽፋል።"

"ይህን ሁሉ ማታ ያመሸው ለመጻፍ ነው?"

ምን ብዬ ላስረዳት። ምርጫው ሲደርስ የቡድኑ አለቃ ልጇን አስከትሎ ወደ ሜዳ ወረደ። ልጁ የተመረጡትን እየሰረዘ ቀጣዩን ሹክ ይለዋል። እናትየው ስልኳን አውጥታ ትቀርጽ ጀመር። ሥራው የገባት አይመስለኝም፤ ማይክ አጠገብ መቆሙ በቅቷታል።

መቀመጥ የማይሆንለት ልጅ ባትሪውን ይያዝ። ሮቦቱ የሚሄደው በ12 ቮልት ባትሪ ነው፤ ስድስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ በየጨዋታው ይቀየራል። ደህና የባትሪ ልጅ እያንዳንዱን በቁጥሩ ያውቀዋል፤ የትኛው አርጅቷል፣ የትኛው ገና ከቻርጀር መነሣቱ ነው፣ የትኛው ከልምምድ አያልፍም። ሮቦቱ ሜዳ ሳይገባ ማያያዣውን ይዞ ነቅነቅ ያደርጋል፤ ከላላ ቀልድ የለም። ባትሪው ደክሞ ሳለ ሞተሮቹ በአንድ ጊዜ ብዙ ሲስቡ ቮልቱ ይወርዳል፤ ሮቦቱ ላይ ያለው ኮምፒውተር ራሱ እንዳይጠፋ ሞተሮቹን ያቋርጣቸዋል። ከሩቅ ለሚያይ ሮቦቱ ይንተባተባል። ሹፌሩ በፕሮግራመሩ ያሳብባል፣ ፕሮግራመሩ ሽቦ በዘረጋው፤ የባትሪው ልጅ ቁጥሩን አይቶ ዝም ይላል።

ትልቁ ሽልማት ለሮቦት እንዳልሆነም ብዙ ወላጅ አያውቅም። ኢምፓክት አዋርድ ይባላል፤ እስከ 2022 ስሙ ቼርማንስ አዋርድ ነበር። የሚታየው ቡድኑ ለአካባቢው የሠራው ሥራ ነው፤ የሚጽፉትም ዳኞች ፊት የሚናገሩትም ተማሪዎቹ ናቸው። አንደበት ያለው ልጅ ብሎን ሳይነካ ቡድኑን ሻምፒዮና ሊያደርስ ይችላል።

የእኛ የብቻችን ጣጣ ደግሞ አለ። በ2023 ኪክኦፉ የዋለው ጃንዋሪ 7፣ በገና ዕለት ነበር። በየቤቱ ዶሮ ወጥ እየወጣ ልጆቻችን የጨዋታ ደንብ ሲያነቡ ዋሉ። ውድድሩም የሚበዛው በሁዳዴ ነው፣ ምግቡ ደግሞ ፒዛ። ምግቡን የሚያስተባብሩት ወላጆች ናቸውና ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ያለ ቺዝ ያዛሉ። ካልነገራችሁ ልጁ ቺፕስ ሲቆረጥም ይውላል። እንጀራና ሽሮ ይዛችሁ ብትመጡ ግን ለልጃችሁ ለመትረፉ ዋስ አልሆንም።

ስለ ክፍያው። ቡድኑ ለምዝገባ ብቻ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል፤ ለጉዞና ለቲሸርት ከወላጅ የሚጠየቅም አለ። ከከበዳችሁ ልጁን ከማስቀረታችሁ በፊት ሜንተሩን ለብቻው አነጋግሩት። ለዚህ ተብሎ ትንሽ ገንዘብ የሚያስቀምጥ ቡድን አለ፤ በስብሰባ ላይ አይነገርም፣ የጠየቀ ያገኛል። ኢሜይል መጻፍ ካሳፈራችሁ ማታ ልጃችሁን ልትወስዱ ስትመጡ ፓርኪንግ ላይ ያዙት። እኔም ስንቱን ወላጅ ያነጋገርኩት እዚያው ነው።