ትንሹ አንጎል በጽንስ ውስጥ ሲበጅ

ከማጅራት ከፍ ብሎ የተቀመጠው ትንሹ አንጎል ከጠቅላላው የአንጎል ክብደት የሚይዘው አንድ አሥረኛውን ያህል ነው። ሕዋስ ሲቆጠር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በሰው አንጎል ካሉት 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት 69 ቢሊዮን ያህሉ እዚያ ናቸው። ሳንንገዳገድ የምንራመደው፣ ስኒ ሳናፈስ የምናነሳው በእሱ ነው። አበጃጀቱ ቀድሞ ተጀምሮ ዘግይቶ ያልቃል፤ ለጉዳት የሚጋለጠውም ይህ ጊዜ ረጅም በመሆኑ ነው።

ብዙው የታወቀው ከዶሮ እንቁላል ነው። ሦስት ቀን የታቀፈ እንቁላል ቅርፊቱ በጥንቃቄ ሲከፈት፣ አስኳሉ ላይ ትር ትር የሚል ልብ ያለው ጎባጣ ሽል ይታያል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ የአንጎሉ ቱቦ በመሃለኛውና በኋለኛው ክፍል መካከል ጠበብ ብሏል። ትንሹ አንጎል የሚወጣው ከዚህ ወገብ ጀርባ ነው። ከፊት ኦቲኤክስ2፣ ከኋላ ጂቢኤክስ2 የተባሉት ጂኖች ይሠራሉ፤ በሚገናኙበት ድንበር ኤፍጂኤፍ8 የተባለ ፕሮቲን ይመነጫል። ተመራማሪዎች ይህን ወገብ ከድርጭት ሽል ቆርጠው በዶሮ አንጎል ሌላ ቦታ ሲተክሉት፣ ጎረቤት ሕዋሳት ዕጣቸውን ለውጠው የመሃለኛውን አንጎል ወይም የትንሹን አንጎል መልክ ያዙ። በጽንስ ጥናት ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ሙከራ ጥቂት ነው።

ሕዋሳቱ መነሻቸው ሁለት ነው። ቼካዊው ፑርኪኝየ በ1837 እ.ኤ.አ. የገለጻቸው ትልልቅ ሕዋሳት ከቱቦው የውስጥ ግድግዳ ይወለዳሉ። በጣም ብዙዎቹ ጥቃቅን ሕዋሳት ደግሞ ከጣሪያው ጠርዝ ተነስተው በላይኛው ገጽ ላይ ይሰራጫሉ፤ የፑርኪኝየ ሕዋሳት ሶኒክ ሄጅሆግ የተባለ መልእክት እየላኩ ያባዟቸዋል፤ ከዚያም ወደ ውስጥ ይወርዳሉ። ይህ መባዛት ከቁጥጥር ሲወጣ ሜዱሎብላስቶማ የተባለው የሕፃናት የአንጎል ካንሰር ሊነሳ ይችላል። ይህ አሠራር ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል፤ ላምፕሬይ በተባለው መንጋጋ አልባ ዓሣ የፑርኪኝየ ሕዋስ የለም፤ በእንቁራሪት የጥቃቅኖቹ ሕዋሳት የላይኛው ሽፋን ቢኖርም አይባዛም፤ በወፎችና በአጥቢዎች ግን ተባዝቶ ትንሹን አንጎል ያጣጥፈዋል። የሰው ደግሞ ለብቻው ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በሰው ሽል ያ ጠርዝ በአይጥ ከሚታየው ይበልጥ ተደራጅቶ ለረጅም ጊዜ እንደሚቆይ አሳይቷል።

ይህ የሰው አንጎል ታሪክ ድሬዳዋን ይነካል። ከከተማዋ ብዙም በማይርቀው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ በ1933 እ.ኤ.አ. የሰው መንጋጋ ስባሪ ተገኝቷል፤ ከ4,000 በላይ ቀይ የቀለም ድንጋዮችም ወጥተዋል፤ ዕድሜያቸው 40,000 ዓመት ገደማ ነው። መንጋጋ ስለ አንጎል አይናገርም። ሆኖም በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የራስ ቅሎች ጥናት የዛሬው ክብ የአንጎል ቅርጽ፣ የትንሹ አንጎል ማበጥ ጭምር፣ ከ100,000 እስከ 35,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እንደተሟላ ይገልጻል። ቀለሙን የፈጩት እጆች የኖሩት በዚያው ዘመን ነው።

አሁን ወዳለው ጭንቀት እንምጣ። ከ24ኛው እስከ 40ኛው የእርግዝና ሳምንት የትንሹ አንጎል ገጽ ከ30 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ በ28ኛው ሳምንት የተወለደ ልጅ አብዛኛውን እድገት ከማህፀን ውጭ ያካሂዳል። ስለዚህ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት አካሄዳቸውና እጃቸው እስኪጠና ክትትል ያስፈልጋቸዋል።

አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው ደግሞ ከተጸነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው፤ ያኔ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን አያውቁም። ቱቦው በጀርባ በኩል ሳይዘጋ ሲቀር በውስጡ ያለው ፈሳሽ ይፈስሳል፤ የራስ ቅሉ የኋላ ክፍል ጠባብ ሆኖ ይቀራል፤ ትንሹ አንጎልም ወደ አንገት ይንሸራተታል። ብዙዎቹ ልጆች ጭንቅላታቸው ውሃ ይቋጥራል። በአዲስ አበባ ሦስት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች የተደረገና በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከ10,000 ወሊድ 126 የነርቭ ቱቦ አለመዘጋት ችግር አግኝቷል፤ ይህ እጅግ ከፍተኛ ነው።

ፎሊክ አሲድ አብዛኛውን መከላከል ይችላል፤ በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው እንክብል ግን ብዙ ጊዜ ይዘገያል። በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድና በሌሎች ንጥረ ነገሮች እንዲበለጽግ ግዴታ መሆኑ ትክክለኛ እርምጃ ነው። የበለጸገው ዱቄት በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ላለ ዳቦ በሊታ ይደርሳል። ማሽላዋን በሰፈር ወፍጮ ቤት የምታስፈጭ የሐረርጌ ገበሬ እናት ጋ ግን አይደርስም፤ ለእሷ የሚሻለው በየቤቱ የሚገባውን ጨው በፎሊክ አሲድ ማበልጸግ ነው።