የዝዋይ ደሴቶችና የዛይ ቋንቋ

በነፋስ ስልክ በኩል ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የሚወጣ መንገደኛ ቃሊቲንና አቃቂን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን አልፎ፣ ከዋና ከተማው 160 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ ዛሬ ባቱ ከምትባለው ከዝዋይ ከተማ ይደርሳል። ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረ ጣቢያ ነው። ወደ ዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ግን ሰውም ሆነ ወሬ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሻገር የኖረው በታንኳ ብቻ ነበር።

ደሴቶቹ 5 ናቸው፤ እነርሱም ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ቱሉ ጉዶ ሲሆን፣ ስሙ በኦሮምኛ «ትልቅ ተራራ» ማለት ነው፤ ካህናቱ ደግሞ ደብረ ጽዮን ይሉታል። መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ወደዚያ የሚሻገረው የማርያም ጽዮንን ቤተ ክርስቲያንና ጥንታውያኑን የብራና መጻሕፍት ለማየት ነው። በዚህ ምክንያት የደሴቶቹ ባለቤት የሆነው የዛይ ሕዝብ ከጐብኚው ዓይን ይሰወራል።

ዛዮች ዓሣ አጥማጆች፣ ሸማኔዎችና ገበሬዎች ናቸው። መሬታቸው ጠባብና ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ አባቶቻቸው ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን እየገደቡ ሲያርሱት ኖረዋል። ታንኳቸውንም በሐይቁ ዳር ከሚበቅል ተክል እያሰሩ ይሠሩት ነበር። በውኃ የተከበበ ኑሮ ሕዝብን ለይቶ ማኖሩ በሌላም አገር የታየ ነው። በበርማ በኢንሌ ሐይቅ ላይ የሚኖሩት፣ በአንድ እግራቸው የሚቀዝፉት ኢንታዎች የስማቸው ትርጉም «የሐይቅ ልጆች» ማለት ነው።

ስለ ዛዮች አመጣጥ የሚነገረው ታሪክ አንድ ብቻ አይደለም። በካህናቱ ትውፊት መሠረት፣ በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ሰዎች ታቦተ ጽዮንን ይዘው መጥተው በቱሉ ጉዶ 70 ዓመት አቈይተውታል። ሌላው ትውፊት ደግሞ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ ከሸዋ የሸሹ ክርስቲያኖች በደሴቶቹ መጠጊያ አገኙ ይላል።

ቋንቋው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታል። ዛይኛ ከሴማውያን ቋንቋዎች አንዱ ቢሆንም፣ የቅርብ ዘመዶቹ ስልጥኛ፣ ወለንኛና ሐረርኛ እንጂ ትግርኛ አይደለም። ሕዝቡ በሙሉ ከአክሱም መጥቶ ቢሆን ኖሮ የሰሜኑ ንግግር ምልክት በቋንቋው ውስጥ ጐልቶ ይታይ ነበር። ይህ ማለት ግን ትውፊቱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ጥቂት ካህናት መጻሕፍትና ሥርዓት ይዘው መጥተው፣ ቀድሞ በነበረው ሕዝብ መካከል ገብተው፣ በጊዜ ብዛት ቋንቋውን ወርሰው ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በደሴቶቹ ሁለት ታሪኮች ተጠብቀዋል፤ አንዱ በግዕዝ መጻሕፍት፣ ሌላው በሰው አንደበት።

ለደሴቶቹ መጠጊያነት ምክንያቱ የመሻገሩ ችግር ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ወደ ደቡብ ከሰፋ ወዲህ፣ ብዙ ዛዮች ደሴቱን ትተው በሐይቁ ዳር ሰፈሩ። በዚያም በገበያም በጋብቻም ከኦሮሞ ጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀላቀሉ። ዛሬ ዛዮች ኦሮምኛንና አማርኛን አጥርተው ይናገራሉ፤ በየብስ ካደጉት መካከል የአያቶቻቸውን ቋንቋ የማያውቁ አሉ።

ለቋንቋው ጥናት ሊቃውንት አስተዋጽዖ አድርገዋል። ቮልፍ ሌስላው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 የዛይኛ ጽሑፎችን አሳትመዋል፤ ሮኒ ማየርም በ2005 ሰፊ የሰዋስው ጥናት አውጥተዋል። ይሁን እንጂ መጽሐፍ ቋንቋን ይመዘግባል እንጂ ልጅን አያናግርም።

ስለዚህ ወደ ዝዋይ የሚሄድ ተማሪ የቤተ ክርስቲያኑን መጻሕፍት ከተመለከተ በኋላ ወደ ታንኳ ቀዛፊውና ወደ ባልቴቶቹ መሄድ ይገባዋል። የዓሣውን፣ የነፋሱን፣ የእርከኑንና የሸማ ዕቃውን ስም በዛይኛ ጠይቆ ይጻፍ። ብራናው በዕቃ ቤት ተቈልፎ፣ ጠባቂ ተሹሞለት ይኖራል፤ ቋንቋው ግን ከተናጋሪዎቹ በቀር ሌላ ጠባቂ የለውም።