የቤት ጥራጊን ለልጆች በቀለም ስለ ማስተማር

በቋንቋችን «ቀለም» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ዓይን የሚያየው ቀይና አረንጓዴ ነው፤ ሁለተኛው ትምህርት ነው። ቀለም ቈጠረ ሲባል ፊደል ለየ፥ ዕውቀት ገበየ ማለት ነውና። በዚህ ሳምንት ለቤተሰብ ገጻችን የመረጥነው ጉዳይ ሁለቱንም ይነካል፤ ይኸውም ልጆች በየቤታቸው የሚወድቀውን ጥራጊ በቀለም እየለዩ እንዲማሩ ማድረግ ነው።

ጥራጊ ደግሞ ምን ትምህርት አለው የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም፤ ጥራጊ ከደጅ ከወጣ በኋላ የሚያስታውሰው የለምና። ነገር ግን ሳይለይ የተከመረ ጥራጊ ምን እንደሚያደርስ አዲስ አበባ በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ አይታለች። በረጲ፥ ሕዝቡ ቆሼ በሚለው ስፍራ፥ ለብዙ ዓመታት ሲከመር የኖረው ተራራ ተንዶ በግርጌው የነበሩትን ቤቶች ዋጠ፤ ከ110 በላይ ሰዎችም ሞቱ፤ ከነሱም ውስጥ ሴቶችና ልጆች ብዙ ነበሩ። በዚያ ክምር ውስጥ የሽንኩርት ልጣጭ ከፌስታል፥ የቡና አተላ ከጠርሙስ ስባሪ ጋራ አብሮ ተቀብሮ ነበር። የሚበሰብሰው በየጓሮው ቀርቶ ቢኾን ኖሮ ተራራው ያን ያህል ባልረዘመ ነበር።

ባምባሲ እንደዚያ ያለ ተራራ የላትም፤ ስለዚህም ነው ትምህርቱ ከርሷ ቢዠመር የምንወደው። ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣው መንገድ ላይ ያለች ይህች ከተማ የማንጎና የሽመል አገር ናት። በአካባቢዋ ማኦው፥ በርታው፥ ኦሮሞውና አማራው አብሮ ይኖራል፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህም ከሱዳን ብሉ ናይል ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በአጠገቧ ሰፍረዋል። እንግዲህ ስለ ንጽሕና በአንድ ቋንቋ ብቻ ቢሰበክ ቃሉ እኩሌታውን ልጅ ሳይደርስ ይቀራል። ሥዕል ግን አስተርጓሚ አይሻም።

በውጭ አገር ለዚህ ትምህርት ተብለው የታተሙ የሥዕል ወረቀቶች ሞልተዋል። በብዙዎቹ ላይ እርስ በርሳቸው የሚከታተሉ ሦስት ቀስቶች ይታያሉ፤ ይህን ምልክት በ1970 እ.ኤ.አ. ጋሪ አንደርሰን የሚባል የ23 ዓመት ተማሪ በአሜሪካ ለውድድር ሥሎት አሸነፈበት። ምልክቱ ያማረ ነው። ይኹን እንጂ በወረቀቶቹ ላይ ያለው ልጅ ጠርሙሱን በሰማያዊ በርሜል ይጥላል፤ መኪናም መጥቶ ይወስድለታል። ሰማያዊ በርሜል በደጁ ለማያይ ልጅ ይህን አስቀልሞ መስጠት ተረት ማስተማር ይኾናል። እኛ የምንመርጠው ልጁ የገዛ ቤቱን ጥራጊ እንዲሥል ነው።

ለዚህም የባሕር ማዶ ቀለም አያስፈልግም። ቀይ አፈር ተነፍቶ በውሃና በጥቂት ሙጫ ይለወሳል፤ ቢጫ ከእርድ፥ አረንጓዴ ከተወቀጠ ቅጠል፥ ጥቁር ከከሰል ይገኛል። ወረቀቱም ያለቀ ደብተር ጀርባ ወይም የተቀደደ ካርቶን ነው። አባቶቻችን ጸሐፍት ከጥላሸትና ካረረ እህል ቀለም በጥብጠው ብራና ሲጽፉ ኖረዋልና ይህ ለአገራችን እንግዳ ጥበብ አይደለም።

መምህሩ ወይም እናቲቱ የማንጎ ልጣጭ፥ ቆርቆሮ፥ ሃይላንድ፥ ፌስታልና የባትሪ ድንጋይ በከሰል በትልቁ ይሥላሉ። ከዚያም ልጁን «ይህ ከቤታችሁ ወጥቶ ወዴት ይሄዳል?» ብለው ይጠይቁታል። መልሱን የሚሰጠው በቀለም ነው። በስብሶ አፈር የሚኾነው አረንጓዴ ይቀባል፤ ስለዚህ ክፍል ብዙ ማለት አያሻም፤ በጓሮ ጕድጓድ ተቈፍሮ ልጣጩና አተላው እየተገላበጠ እርጥበት ካገኘ ለጎመን መደብ የሚኾን ጥሩ አፈር ይወጣዋል።

ቀዩ ግን ብዙ ያስተምራል። ቀይ የሚቀባው ዳግመኛ ዕቃ የሚኾነው ነው፤ ከቀይ አፈር ሸክላ እንደሚሠራ ኹሉ። በዚህ ነገር አገራችን ከማንም አትማርም። ከቆርቆሮ ኩራዝ፥ ከመኪና ጎማ በርባሶ፥ ከደረቀ እንጀራ ድርቆሽ ሲሠራ ኖሯል። ቆራሌው በየመንደሩ እየጮኸ ጠርሙስና ብረት ይገዛል፤ በመርካቶ ምናለሽ ተራም ባለ እጆች የተጣለውን ብረት እየቀጠቀጡ ምድጃና መጥበሻ ያወጡበታል። ልጁ የቆራሌውን ሥራ በቀለም ሲያከብር ሰውየውንም ማክበር ይለምዳል ብለን እናስባለን።

ቢጫው የአደጋ ነው። በጤና ጣቢያ የተወጋበት መርፌ የሚጣልበት ሣጥን ቢጫ ስለ ኾነ ልጆች ይህን ቀለም አስቀድመው ያውቁታል። ምላጭ፥ የተሰበረ ጠርሙስ፥ ጊዜው ያለፈ መድኃኒትና የተባይ መርዝ ዕቃ ኹሉ ቢጫ ናቸው። የባትሪ ድንጋይም ከነዚሁ ወገን ነው፤ በርሱም ላይ ወላጆችን አጥብቀን እናሳስባለን። በብዙ ቦታ ሰሌዳ ለማጥቈር ድንጋዩን ሰብሮ ዱቄቱን ማውጣት የተለመደ ነውና ልጅ ለሥዕሉ ጥቁር ሲሻ ወደዚያ ይሮጣል። ያ ዱቄት የማንጋኒዝ ውሁድ ያለበት ስለ ኾነ ለልጅ እጅና አፍ አይገባም። ጥቁር ከምድጃ ከሰል ብቻ ይውሰድ።

የቀረው ጥቁሩ ነው። ጥቁር የሚቀባው መሄጃ የሌለው፥ አፈርም ዕቃም የማይኾነው ነው፤ ዋናውም ፌስታል ነው። ቢያቃጥሉት ጢሱ ሳንባን ይጐዳል፤ ቢጥሉት ዝናብ ወስዶ ቦዩን ይደፍንበታል፤ ላምና ፍየል ከሣር ጋራ ይውጡታል፥ በሆዳቸውም ተቋጥሮ ይገድላቸዋል።

እዚህ ላይ መምህራን የሚያስተውሉት ነገር አለ። አንዱ ዕቃ በሁለት ቤት ሁለት ቀለም ሊኖረው ይችላል። ሃይላንድ በአንዲት ድኻ ቤት ዘይት መያዣ ስለሚኾን ቀይ ነው፤ በባለጸጋው ቤት በየቀኑ ስለሚወረወር ጥቁር ነው። ስለዚህ የልጁን ወረቀት ተሳስተሃል ብሎ መሰረዝ አይገባም፤ ልጁ የጻፈው የቤቱን ምስክርነት ነውና። ይህን ገጽ ከሚያነቡት ከሹማምንቱና ከመኳንንቱ ቤት የሚወጣው ወረቀት ከጎረቤቱ ይልቅ ጥቁር ቢበዛበት አይደንቀንም።

ሕግም ቢኾን ነገሩን በልጅ ጫንቃ ላይ አልጣለውም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ዳግመኛ ሊያገለግል የሚችለውን ጥራጊ ለይቶ የማስቀመጥን ግዴታ የሰጠው ለቤተሰብ ኃላፊ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ የፌስታልን ነገር ከመለየት አልፎ ወደ መከልከል አድርሶታል። ገበያ ሲወጡ ከሽመል የተሠራ ቅርጫት ወይም ዘንቢል መያዝ ግን አዋጅ የሚያስጠብቅ ነገር አይደለም፤ ሽመሉ በባምባሲ ዙሪያ በቅሎ ይታያል።

ሥራው በአንድ ቀን እንዳይቀር፥ የመጀመሪያው ወረቀት በማድ ቤት በር አጠገብ ይለጠፍና ከአንድ ወር በኋላ ልጁ ሁለተኛውን ይሣል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ጥቁሩ ቀንሶ እንደ ኾነ እሱ ራሱ ለአባቱ ያሳይ፤ አባትም በትዕግሥት ይመልከትለት። ወረቀቱ ሲያረጅ ወደ አረንጓዴው ጕድጓድ ይገባል፤ በአፈር፥ በእርድ፥ በቅጠልና በከሰል የተቀባ ስለ ኾነ አብሮ ይበሰብሳል።