ርካሽና አስተማማኝ የብስክሌት ዲስክ ፍሬን

ዲስክ ፍሬን ቸርኬውን ሳይሆን ሞዞው ላይ የታሰረውን የብረት ዲስክ ቆንጥጦ ያቆማል። ስለዚህ በክረምት ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ሲጓዙ ቸርኬው ጭቃ ቢለብስም ፍሬኑ ይይዛል።

ርካሹ ዓይነት በሽቦ የሚሳበው ነው፤ ሽቦው ቢላላ ወይም ቢበጠስ ጥገናው ቀላል ነው። ከእነዚህም ሸራዎቹ ዲስኩን ከግራና ከቀኝ እኩል የሚጫኑት ይመረጣሉ፤ በአንድ ወገን ብቻ የሚገፋው ቶሎ ቶሎ ማስተካከል ይፈልጋል። በዘይት የሚሠራው፣ ለምሳሌ የሺማኖ ኤምቲ200፣ በትንሽ ጉልበት ያቆማል፤ ኤምቲ200 የሚቀበለው ግን የማዕድን ዘይት ብቻ ነው። የመኪና ፍሬን ዘይት ጎሚኒዎቹን ያበላሻል።

ከመግዛት በፊት ሞዞው የዲስክ፣ ሹካውም የፍሬን ማሰሪያ እንዳላቸው ማየት ግድ ነው። ለደልዳላ መንገድ 160 ሚሊ ሜትር ዲስክ ይበቃል፤ ዕቃ ጭኖ ከቡሬ ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ ግን፣ ሹካው ከፈቀደ፣ 180 ይሻላል።