የጊታርን ድምፅ ከማጉያው ጋር ማመጣጠን

ሠርግ ቤት ነው እንበል። ዳሱ ተጥሏል፤ ሰውም ሞልቷል። ጊታር ተጫዋቹ ገመዱን ሰክቶ ክሩን መታ። ድምፁ እንደ አሮጌ ቆርቆሮ ተንጫጫ። ባለ ማጉያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ድምፁ አነሰ እንጂ አልጠራም። ሰውም «ጊታሩ ተበላሽቷል» አለ።

ጊታሩ ግን አልተበላሸም። የተበላሸው ልኩ ነው። ልክ ካልተጠበቀ ጨዋታው መበላሸቱ ብቻ አይደለም። በተዋጣ ገንዘብ የተገዛ ስፒከርም ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ልኩን ማወቅ ይጠቅማል።

ድምፁ እንዴት ይጓዛል?

የጊታሩ ክሮች ከሚያርፉበት ድጋፍ ሥር አንድ ቀጭን ነገር አለ። ስሙ ፒካፕ ይባላል። ክሩ ሲንቀጠቀጥ ፒካፑን ይጫነዋል። ፒካፑም ሲጫኑት ኤሌክትሪክ ያወጣል። አንዳንድ ማዕድን ሲጫኑት ኤሌክትሪክ እንደሚያወጣ ያገኙት ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ናቸው። ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1880 ነበር።

ይህ ኤሌክትሪክ አቅሙ ደካማ ነው። በገመድ ርቆ አይሄድም። ስለዚህ በጊታሩ ጎን ፕሪአምፕ የሚባል ትንሽ አበርቺ ይገጠማል። የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ባለ 9 ቮልቱ ነው። ከፕሪአምፑ የወጣው ድምፅ በገመድ ወደ ሚክሰር፣ ከዚያ ወደ አምፕሊፋየር፣ በመጨረሻም ወደ ስፒከር ይሄዳል።

ልኩ ስንት ነው?

1 ቮልትን ለሺህ ብትከፍሉት፣ ማይክ የሚያወጣው ከዚያ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ፕሪአምፕ ያለው ጊታር ግን ከ1 ቮልት አንድ አሥረኛ ጀምሮ እስከ 1 ቮልት ገደማ ያወጣል። እንግዲህ ከማይክ በብዙ አሥር እጥፍ፣ አንዳንዴም በመቶ እጥፍ ይበልጣል።

የሚክሰር ቀዳዳም ሁለት ዓይነት ነው። «ማይክ» የተባለው ለትንሹ ልክ ነው። «ላይን» የተባለው ለትልቁ ልክ ነው። ጊታሩን በማይክ ቀዳዳ ከሰካችሁት ይሞላና ይፈሳል።

ነገሩን በመስኖ ተመልከቱት። ውኃ ከወንዝ ወደ ትልቁ ቦይ፣ ከዚያ ወደ ትንሹ፣ ከዚያ ወደ ማሳው ይወርዳል። ትልቁ ቦይ ሞልቶ ዳሩን ከናደው ውኃው ይደፈርሳል። ታች ማሳው ላይ ብትገድቡት ውኃው ይቀንሳል እንጂ አይጠራም። ድምፅም እንዲሁ ነው። ከላይ የደፈረሰውን ከታች ማጥራት አይቻልም።

ማነሱስ? እሱም ጉዳት አለው። ጊታሩ ዝቅ ብሎ ማጉያው ብቻ ከፍ ቢል ሹሹታው አብሮ ያድጋል። ዘሩ በሳሳበት ማሳ ማዳበሪያ ቢበተን አረሙ እንደሚፋፋ ማለት ነው።

ምን እናድርግ?

1. ባትሪ ድንጋዩን መርምሩ። ድንጋይ ሲደክምም ድምፅ ይቀደዳል።

2. ገመድ ከመሰካታችሁ በፊት የሚክሰሩንና የማጉያውን ድምፅ ሁሉ ዝቅ አድርጉ። ድንገት የሚመጣ ጓጓታ ስፒከሩን ይጎዳል።

3. ጊታሩን በላይን ቀዳዳ ሰኩት። አምፕሊፋየሩ ሁለት ቀዳዳ ካለው «ሎው» ወይም «አክቲቭ» የተባለውን ምረጡ።

4. በጊታሩ ላይ ያለውን የድምፅ ማዞሪያ ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ክፈቱ። ተጫዋቹ በጨዋታው ጊዜ እንደሚመታው አጥብቆ ይምታ።

5. በሚክሰሩ ላይ «ጌይን» የተባለውን ማዞሪያ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ቀዩ መብራት ብልጭ ሲል ጥቂት መልሱት። አምፕሊፋየሩን የምትጨምሩት በመጨረሻ ነው።

ገመዱ ከ6 ሜትር በላይ የሚሆን ከሆነ ዲ.አይ. ቦክስ የሚባል መሣሪያ ከተጫዋቹ አጠገብ ይቀመጣል። እሱ ድምፁን ወደ ማይክ ልክ ያወርደዋል። ያን ጊዜ በማይክ ቀዳዳ መሰካት ይቻላል።

አንድ ነገር አትርሱ። ከአምፕሊፋየር ወደ ስፒከር የሚሄደው ኤሌክትሪክ ብዙ አሥር ቮልት ሊሆን ይችላል። ያንን ገመድ ከቶ ወደ ሚክሰር አትስደዱት፤ ያቃጥለዋል።

ክራርስ?

በክራር ላይ ፒካፕ ብቻ የሚለጥፉ አሉ። ባትሪ ድንጋይ የለውም፤ ፕሪአምፕም የለውም። በቀጥታ ወደ ሚክሰር ቢሰካ ድምፁ ይቀጥናል፤ ወፍራሙ ክር ጉልበት ያጣል። ክራሩ አልከፋም። በመካከሉ ፕሪአምፕ ሲገባለት ድምፁ ይሞላል።

ጨዋታው ሲያበቃ አስቀድማችሁ አምፕሊፋየሩን አጥፉ። ከዚያ ገመዱን ከጊታሩ ንቀሉ። በአብዛኛው ጊታር ገመዱ እንደተሰካ ካደረ ባትሪ ድንጋዩ ያልቃል።

እንግዲህ ድምፅ ሲቀደድ መሣሪያውን ከመውቀስ በፊት ከምንጩ ጀምሮ ልኩን እንመርምር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ማጉያውን ዝቅ ማድረግ የተቀደደውን ድምፅ ለምን አላጠራውም?
2. ጊታርና ማይክ ለምን በአንድ ዓይነት ቀዳዳ አይሰኩም?
3. በአካባቢያችሁ በሠርግ ላይ ድምፅ ሲቀደድ ሰምታችኋል? ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል?