በበዓል ሰሞን ከወንፈል ጓደኞቻችን ጋር

በሳንጃ አካባቢ ሰሊጥ የሚደርሰው በመስቀል ሰሞን ነው። መስቀል መስከረም 17 ቀን ይከበራል። ሰሊጡ ግን በዓል አያውቅም። ዘሩን የያዘው ሽፋን ሲደርቅ ከጫፉ ይከፈታል፤ ዘሩም መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ቶሎ ማጨድ፣ ማሰርና ነዶውን ቀጥ አድርጎ ማቆም ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ ለአንድ ሰው አይሆንም።

ጠቡ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አንዱ የእርሱ ማሳ በወንፈል ከታጨደለት በኋላ «በዓል ነው» ብሎ ይቀራል። የባልንጀራው ሰሊጥ ይረግፋል። ቂሙ እስከ ከርሞ ይቆያል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ከበዓሉ በፊት ማሳዎቹን አብረን እንይ። ቀድሞ የደረሰው ቀድሞ ይታጨድ።
2. ያለብንን ወንፈል ከደመራ በፊት እንመልስ።
3. ክርስቲያኑ መስቀልን ሲያከብር ሙስሊሙ ሥራውን ይያዝለት። ኢድ ሲደርስም ክርስቲያኑ ይተካው።
4. ከደጋ ለቀን ሥራ የመጣው ሰው ቤተሰቡ ሩቅ ነው። ገንዘቡን በጊዜው እንስጠው፤ በበዓሉም ጠርተነው አብረን እንብላ።

የበዓሉ ጠላ በአንድ ቀን ያልቃል። በማግስቱ ማጭድ ይዘን ጎን ለጎን የምንቆመው እኮ እኛው ነን።